ፋፍሳ የሚያውቀው ቤተሰብ

ልጁ 12ኛ ክፍል ገብቷል። አንድ ምሽት ላፕቶፑን ታቅፎ ወደ ማድ ቤቱ ጠረጴዛ ይመጣና «ማሚ፣ ኢሜይልሽን ክፈቺ፤ ለፋፍሳ ፈቃድ ስጪ እያለ ነው» ይላል። እናት የታክስ መሥሪያ ቤት፣ ፈቃድና ፊርማ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሲጠሩ ስትሰማ ደንገጥ ትላለች። «አባትህ ይምጣና እናየዋለን» ትለዋለች። አባት ከሥራ የሚገባው ሌሊት ነው፤ ነገሩ በዚህ አኳኋን እስከ ጃንዋሪ ይንከባለላል። በሲልቨር ስፕሪንግም፣ በአሌክሳንድሪያም፣ በሲያትልም ብዙ የሐበሻ ቤት የሚያውቀው ምሽት ነው።

ፋፍሳ የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ለኮሌጅ ተማሪዎች የሚሰጠው የገንዘብ እርዳታ ማመልከቻ ነው። የሚሞላው ስቱደንትኤይድ ዶት ጎቭ በሚባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ሲሆን አንድ ሳንቲም አያስከፍልም። «እኔ ልሙላላችሁ» ብሎ ዋጋ የሚጠራ ሰው ካጋጠማችሁ በነጻ የሚገኘውን ነገር እየሸጠላችሁ ነው። የእርዳታው መሠረት ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በ1965 የፈረሙት የከፍተኛ ትምህርት ሕግ ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ቅጹ ግን ኮንግረስ በ2020 መጨረሻ ባጸደቀው ሕግ ተለውጦ ከ2024–25 የትምህርት ዘመን ጀምሮ በአዲስ መልክ እየሠራ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያ ልጁን ከዚያ በፊት ኮሌጅ ያስገባ ጎረቤት በቅንነት የሚሰጣችሁ ምክር ግማሹ ጊዜው አልፎበታል።

ብዙዎቻችን ፋፍሳን ስንሞላ መንግሥትን ገንዘብ የጠየቅን ይመስለናል። ቅጹ የሚሠራው ሥራ ከዚህ ያነሰ ነው፤ አንድ ቁጥር አስልቶ ያወጣል። የቤተሰቡን ገቢና ንብረት፣ የሰዉን ብዛት፣ የልጁንም ገቢ አይቶ «የተማሪ እርዳታ መለኪያ» የሚባል ቁጥር ይሰጣል። ቁጥሩ ዝቅ ባለ መጠን የቤተሰቡ ችግር ከፍ ያለ ነው ማለት ነው፤ ከዜሮ በታች እስከ 1,500 ድረስም ይወርዳል። ቁጥሩ ልጁ ለመረጣቸው ኮሌጆች ይላካል፤ እያንዳንዱ ኮሌጅም ተነሥቶ የራሱን ሒሳብ ይሠራል። ሦስት ሺህ የሚል ቁጥር የደረሰው አባት «የምከፍለው ሦስት ሺህ ብቻ ነው» ብሎ ቢደሰት ይሳሳታል። ኮሌጁ የዓመት ወጪውን 30,000 ዶላር ካለ፣ ሦስቱን ሺህ ቀንሶ «ይህ ልጅ 27,000 ያስፈልገዋል» ይላል። ያስፈልገዋል ማለት ግን እሰጠዋለሁ ማለት አይደለም። አንዳንድ ሀብታም ኮሌጆች ክፍተቱን ሁሉ ይሞላሉ፤ አብዛኞቹ አይሞሉም።

ከቁጥሩ በቀጥታ የሚመዘዘው ገንዘብ ፔል ግራንት ነው። ስሙን ያገኘው ከሮድ አይላንዱ ሴናተር ክሌይቦርን ፔል ሲሆን የማይመለስ ስጦታ ነው። ከፍተኛው መጠን በ2025–26 የትምህርት ዘመን 7,395 ዶላር ነበር። ስሌቱም ቀላል ነው፤ ከጣሪያው ላይ ያንን ቁጥር መቀነስ ነው። ቁጥሩ 2,000 የሆነና ሙሉ ጊዜ የሚማር ልጅ 5,395 ያገኛል። ገቢያቸው ዝቅ ያለ ደግሞ ሙሉውን ያገኛሉ። በ2025–26 ባልና ሚስት ከሁለት ልጆች ጋር የሚኖሩበት ቤት፣ በታክሱ ላይ የተስተካከለው ጠቅላላ ገቢ ከ52,500 ዶላር ካልበለጠ፣ ሙሉ ፔል ይገባው ነበር። ልጆቿን ብቻዋን ለምታሳድግ እናት መስፈርቱ ይሰፋላታል፤ ለባልና ሚስት ከድህነት መስመሩ 175 በመቶ የሆነው ለእሷ 225 በመቶ ነው።

አሁን ወደ ፈቃዱ እንመለስ፤ እናትን ያስደነገጣት እሱ ነውና። በአዲሱ አሠራር የታክስ መረጃችሁ ከታክስ መሥሪያ ቤቱ በቀጥታ ወደ ቅጹ ይገባል፤ ለዚህ ነው ፈቃድ የሚጠየቀው። ታክስ ባትሠሩም እንኳ ፈቃዱ ይጠየቃል። እምቢ ያለ ወላጅ ልጁን ከማንኛውም የፌዴራል እርዳታ ያስወጣዋል፤ ብድርም ጭምር። ፈቃድ መስጠት ግን የልጁን የትምህርት ክፍያ ተቀብያለሁ ብሎ መፈረም አይደለም፤ ከዚያ ወረቀት የሚመጣ ዕዳ የለም። ልጁ አንድ አካውንት፣ ወላጅ ሌላ አካውንት ይከፍታሉ፤ እያንዳንዱም የራሱን ኢሜይልና የራሱን ስልክ ይጠቀማል። ልጆቻችን ለመፍጠን ብለው የእናታቸውን አካውንት በራሳቸው ስልክ ይከፍቱና በዓመቱ ሲታደስ ሁሉም ነገር ይቆላለፋል። ቅጹ ያለው በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ብቻ ስለሆነ አስተርጓሚው ያው ልጁ ነው። ደመወዙን ለልጁ ተናግሮ የማያውቅ አባት እዚህ ላይ የሚያልበው አለ፤ እኔ በበኩሌ ልጁ እውነቱን በ17 ዓመቱ ቢያውቅ የሚከፋ አይመስለኝም።

ትልቁ ጣጣ ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ ቅጹ «ቤተሰብ» የሚለውና እኛ ቤተሰብ የምንለው አንድ አይደሉም።

አጎቱ ዘንድ ያደገ ልጅ እናንሣ። እናትና አባት አዲስ አበባ ናቸው፤ ልጁ በ14 ዓመቱ መጥቶ አጎቱ አብልቶ፣ አልብሶ፣ ትምህርት ቤት አስገብቶ አሳድጎታል። ቅጹን ሲሞሉ የወላጅ ቦታ ላይ የአጎትን ስምና ገቢ ያስገባሉ፤ ለእኛ ከዚህ የበለጠ ትክክል ነገር የለም። ለፋፍሳ ግን አጎት ወላጅ አይደለም። አያትም፣ አክስትም፣ ታላቅ እህትም እንደዚያው፤ በሕግ ልጁን እንደ ልጅ ተቀብለው ካላሳደጉ በስተቀር። መግባት ያለበት አዲስ አበባ ያሉት ወላጆች ገቢ ነው፤ ወደ ዶላር ተመንዝሮ። ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የሌለው ወላጅም ከዚያው ሆኖ አካውንት መክፈት ይችላል። ይህ ለልጁ ጉዳት መስሎ ቢታይም ብዙ ጊዜ ጥቅም ነው፤ በብር የሚከፈል ደመወዝ ወደ ዶላር ሲመነዘር ትንሽ ነውና፣ የአጎትን የፓርኪንግ ሥራ አስኪያጅነት ገቢ ያለ ቦታው አስገብቶ ፔሉን ማጣት ያሳዝናል።

አጎት በሚኖሩበት ስቴት ፍርድ ቤት ሕጋዊ አሳዳጊ ተብሎ ከተሾመ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ልጁ ራሱን እንደቻለ ተማሪ ይታያል፤ የማንም ወላጅ ገቢ አይጠየቅም። ከአገር ቤት በውክልና የመጣ ወረቀት ይህን ቦታ አይተካም። ከ13 ዓመቱ ወዲህ በማንኛውም ጊዜ ሁለቱንም ወላጆቹን ያጣ ልጅም ራሱን እንደቻለ ይቆጠራል። በስደተኝነት ወይም በጥገኝነት ሕጋዊ ፈቃድ ያገኘ፣ ወላጆቹን ማግኘት የማይችል ወይም መገናኘቱ አደጋ የሚያመጣበት ልጅ ደግሞ ሕጉ «ያልተለመደ ሁኔታ» ብሎ ከሚዘረዝራቸው መካከል ነው። ቅጹ ላይ ይህን የሚጠይቅ ቦታ አለ። እዚያ ላይ አዎ ብሎ ያለ ወላጅ ፊርማ ያስገባል፤ ከዚያ የኮሌጁ የፋይናንሺያል ኤይድ ቢሮ ማስረጃ አይቶ ይወስናል። በሱዳን በኩል ወይም በደቡብ አሜሪካ ጫካ አቋርጠው ለመጡ ልጆቻችን ይህች አንዲት ጥያቄ ኮሌጅ በመግባትና ባለመግባት መካከል ያለች ናት፤ የሚነግራቸው ግን ጥቂት ሰው ነው።

በተቃራኒው፣ ልጁ ለብቻው ተከራይቶ ስለኖረ ወይም አባቱ «አንድ ብር አልሰጥህም» ስላለው ራሱን የቻለ አይባልም። 24 ዓመት እስኪሞላው፣ ካላገባና የሚያስተዳድረው ልጅ ከሌለው፣ እንደ ጥገኛ ነው የሚታየው። ወላጆች ተለያይተው ከሆነ የሚገባው ባለፉት 12 ወራት ለልጁ የበለጠ ገንዘብ ያወጣው ወላጅ ነው፤ ቀድሞ የሚታየው ልጁ አብሮት የኖረው ነበር። ያ ወላጅ ሌላ አግብቶ ከሆነ የእንጀራ አባት ወይም የእንጀራ እናት ገቢም ይደመራል።

ገንዘቡም ላይ እንዲሁ ነው። ቅጹ የሚያየው ከሁለት ዓመት በፊት የነበረውን ታክስ ነው፤ ለ2026–27 የሚታየው የ2024 ገቢ ነው። ኡበር ወይም ታክሲ ለሚያሽከረክር አባት የሚታየው ካምፓኒው የላከለት ጠቅላላ ገንዘብ ሳይሆን ማይሉና ሌላው ወጪ ተቀንሶ የቀረው ትርፍ ነው። የምትኖሩበት ቤት አይቆጠርም፤ የጡረታ ቁጠባም አይቆጠርም። ሬስቶራንት ወይም ግሮሰሪ ያላችሁ ደግሞ ልብ በሉ፤ በ2024–25 እና በ2025–26 የቤተሰብ ንግድ ዋጋ እንደ ንብረት ይቆጠር ነበር፤ ከ2026–27 ጀምሮ ግን በ2025 በወጣው ሕግ እስከ 100 ሠራተኛ ያለው የቤተሰብ ንግድ እንደገና ከቆጠራው ወጥቷል።

የሚቆጠረው ምንድን ነው? ፎርሙ በሚፈረምበት ቀን ባንክ ያለ ገንዘብና ከመኖሪያ ቤታችሁ ውጭ ያለ ቤት። እዚህ ላይ እቁብ ይመጣል። ባለፈው እሑድ ሃያ ሺህ ዶላር እቁብ የደረሳት እናት ማክሰኞ ቅጹን ብትፈርም፣ ያ ገንዘብ ሙሉ በሙሉ እንደ ቁጠባዋ ይቆጠራል። ሃያ ሺውን ለክሬዲት ካርድ ዕዳ ልትከፍል አስባ ከነበረ መጀመሪያ ትክፈል፣ ከዚያ ትፈርም፤ ቅጹ የክሬዲት ካርድ ዕዳን ከቁጠባ አይቀንስም። ይህ ማጭበርበር አይደለም፤ የተጠየቀው የዚያ ቀን ሒሳብ ነው። በልጁ ስም የተቀመጠ ገንዘብ ደግሞ ከወላጅ ገንዘብ ይልቅ ይጎዳል፤ ከልጁ ቁጠባ 20 በመቶው ይታሰባል፣ ከወላጅ ግን ቢበዛ ወደ ስድስት በመቶ ገደማ። አያት በሰርግ፣ በልደት የሰጡትን ሁሉ በልጁ ስም ስናጠራቅም ይህን የነገረን የለም።

አዲስ አበባ ያለው ኮንዶሚኒየምስ? በስማችሁ ካለ ይቆጠራል። ዕዳው ተቀንሶ፣ ፎርሙ በሚሞላበት ቀን ምንዛሪ። በጁላይ 2024 ብር በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ምንዛሪው ብዙ ስለተቀየረ፣ ያምናውን ቁጥር ዘንድሮ መገልበጥ አያስኬድም። «ማን ያየዋል?» የሚል ካለ፣ ከፊርማው በላይ ያለውን ያንብብ፤ እያወቀ ሐሰት የጻፈ እስከ 20,000 ዶላር መቀጮ፣ እስራት ወይም ሁለቱም ይጠብቁታል። ደግሞ ብዙ ቤተሰብ የንብረት ጥያቄው ጨርሶ አይመለከተውም። ሙሉ ፔል የሚገባው፣ ወይም ባለፉት ሁለት ዓመታት ሜዲኬይድ፣ ፉድ ስታምፕ ወይም ለልጆቹ የትምህርት ቤት ነጻ ምሳ ያገኘ ቤት ንብረቱ አይታይበትም። ሳያስፈልግ የምንፈራው ብዙ ነው።

ጎንደር ላለች እናት በየወሩ የሚላከው ሦስት መቶ ዶላር ግን የትም አይገባም። አብራችሁ የምትኖርና ከግማሽ በላይ በእናንተ የምትረዳ አያት የቤተሰቡ ቁጥር ውስጥ ትገባለች፤ አገር ቤት ያለችው አትገባም። ሁለት ልጅ በአንድ ጊዜ ኮሌጅ ማስገባትም ድሮ የወላጅን ድርሻ ለሁለት ይከፍለው ነበር፤ ከ2024–25 ወዲህ ያ ቀርቷል። መንታ ላላቸው ይህ ለውጥ መራራ ነው፤ ሕጉን የጻፉት ሰዎች ምን እንዳሰቡ እስካሁን አልገባኝም።

ማን ያመልክት? ዜጋ፣ ግሪን ካርድ ያለው፣ ስደተኝነቱ ወይም ጥገኝነቱ የጸደቀለት። ጉዳዩ ገና ፍርድ ቤት ያለ የጥገኝነት ጠያቂና ጊዜያዊ ከለላ (ቲ.ፒ.ኤስ.) ብቻ ያለው የፌዴራል እርዳታ አያገኝም። ስቴቶች ግን የራሳቸው በር አላቸው፤ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ፋፍሳ መሙላት የማይችሉ ተማሪዎች መስፈርቱን ካሟሉ የስቴት እርዳታ የሚጠይቁበት ሌላ ማመልከቻ አላቸው። ልጁ ዜጋ ሆኖ ወላጆቹ ወረቀት ባይኖራቸውም ማመልከት የልጁ መብት ነው፤ የራስን መረጃ ለመንግሥት መስጠት አለመስጠቱን ግን ከኢሚግሬሽን ጠበቃ ጋር ተማክሮ መወሰን ይሻላል። ቀኑን በተመለከተ፣ ቅጹ በኦክቶበር መጀመሪያ ይከፈታል፤ የፌዴራሉ የመጨረሻ ቀን የትምህርት ዘመኑ ሲያልቅ ጁን 30 ቢሆንም በእሱ አትዘናጉ። ሜሪላንድ ለስቴቱ እርዳታ ማርች 1ን ትጠይቃለች፤ ኮሌጆችም የየራሳቸው ቀን አላቸው። አንዳንድ የግል ኮሌጆች ደግሞ ሲ.ኤስ.ኤስ. ፕሮፋይል የሚባል ሌላ ቅጽ ይጨምራሉ፤ እሱ የምትኖሩበትን ቤት ጭምር ይጠይቃል።

ከዚያ ስፕሪንግ ላይ የኮሌጁ ደብዳቤ ይመጣል። ይህን ደብዳቤ ቀስ ብላችሁ አንብቡት፤ አብዛኛው ሰው የሚታለለው ቅጹ ላይ ሳይሆን እዚህ ነው። አንድ ምሳሌ ልሥራ። የዓመት ወጪ 32,000። ፔል 5,395፣ የስቴት ግራንት 3,000፣ የኮሌጁ ግራንት 9,000፣ ወርክ ስተዲ 2,500፣ የተማሪ ብድር 5,500፣ የወላጅ ፕላስ 6,605። ከታች በትልቁ «ቀሪ፦ 0» ተብሎ ተጽፏል። ቤቱ እልል ይላል።

እስክሪብቶ አንሡና የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ብቻ ደምሩ፤ 17,395 ነው። ስጦታው ይኼ ነው። የቀረው 14,605 ሁሉ ከእናንተና ከልጁ የሚወጣ ነው። ወርክ ስተዲ ልጁ ካምፓስ ውስጥ ሠርቶ በሰዓት የሚያገኘው ደመወዝ ነው፤ ሥራ ካላገኘ የለም፣ ሴፕቴምበር ላይ ሒሳብ ለመክፈልም አይደርስም። የተማሪው ብድር ለአንደኛ ዓመት ጣሪያው 5,500 ሲሆን ከእሱ እስከ 3,500 የሚሆነው፣ ችግሩ ለታየለት ተማሪ፣ እየተማረ ሳለ ወለዱን መንግሥት የሚከፍለው ነው፤ የቀረው ወለድ ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ ይቆጥራል። ከሁሉ የከፋው የመጨረሻው መስመር ነው። የወላጅ ፕላስ በወላጅ ስም የሚወጣ ብድር ነው፤ ልጁ አይጠየቅበትም፣ በ2025–26 የነበረው ወለድም 8.94 በመቶ ነበር። ያንኑ 6,605 አራት ዓመት ብትወስዱት ዋናው ብቻ 26,420 ይሆናል። ከጁላይ 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪዎች በዓመት ለአንድ ልጅ 20,000፣ በጠቅላላው 65,000 የሚል ገደብ ተደርጎበታል፤ ገደቡ ራሱ ሰዎች እስከምን ድረስ ይበደሩ እንደነበር ይናገራል። ስጦታና ብድር በአንድ ዓምድ መደርደር የአንድ ኮሌጅ ጥፋት ብቻ አይደለም። የኮንግረስ ኦዲት ቢሮ በ2022 ባወጣው ዘገባ፣ ከኮሌጆቹ 91 በመቶው በደብዳቤያቸው ላይ ተማሪው የሚከፍለውን እውነተኛ ዋጋ አይጽፉም ወይም አሳንሰው ይጽፋሉ ብሏል።

ሁለት ሦስት ኮሌጅ ስታወዳድሩ ስለዚህ የምታወዳድሩት ያንን 14,605 ነው፤ የኮሌጁን ስምና «ይህን ያህል ስኮላርሺፕ ተሰጠው» የሚለውን ጉራ አይደለም። ዋጋው 70,000 የሆነ የግል ኮሌጅ ከስጦታው በኋላ ከስቴት ዩኒቨርሲቲ ሊረክስ ይችላል፤ ሊብስም ይችላል። ሳታመለክቱ ለመገመት እያንዳንዱ ኮሌጅ ድረ ገጹ ላይ የዋጋ ማስያ እንዲያኖር ሕግ ያስገድደዋል። ሞንትጎመሪ ኮሌጅን ወይም የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅን «የደካማ ልጅ ቦታ» የሚል ወላጅ አሁንም ይገርመኛል፤ ሙሉ ፔል ያለው ልጅ እዚያ ሁለት ዓመት ያለ ብድር ተምሮ ወደ ትልቁ ዩኒቨርሲቲ መዛወር ይችላል። ከማኅበር ወይም ከቤተ ክርስቲያን የተገኘ ስኮላርሺፕ ካለም ኮሌጁ በእሱ ፋንታ የራሱን ግራንት ይቀንስ እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ሜሪላንድ ይህን ለመንግሥት ኮሌጆቿ በ2017 የከለከለች የመጀመሪያዋ ስቴት ናት፤ በብዙ ሌላ ቦታ ግን የተለመደ ነው።

ደብዳቤው የመጨረሻ ቃል አይደለም። ከሁለት ዓመት በፊት የነበረው ታክስ የዛሬውን ቤት ካላሳየ፣ ማለትም አባት ሥራ ካቆመ፣ እናት ከታመመች፣ የሕክምና ዕዳ ከመጣ፣ ኮሌጁ ቁጥሩን እንደገና እንዲያይ የመጠየቅ መብት አላችሁ፤ ሕጉም ለቢሮው ሠራተኞች ቅጹ ላይ ያለውን የመለወጥ ሥልጣን ሰጥቷቸዋል። ጎንደር ላለች እናት የሚላከው ገንዘብም መነሣት ካለበት የሚነሣው እዚህ ነው፤ ይቀበሉታል ማለት አልችልም፣ የሐኪም ወረቀትና የተላከበት ደረሰኝ ካለ ግን ይጻፍ። እኛ ደግሞ መለመን መስሎን እናፍራለን። ደብዳቤው አጭር ይሁን፦ ምን እንደተለወጠ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ በዶላር ስንት እንደሆነ፣ ማስረጃው ተያይዞ። ልጁ ይጻፈው፣ ወላጅ ይፈርምበት። ኮሌጁ የሚሰጠው ውሳኔ የመጨረሻ ነው፣ ለፌዴራሉ ትምህርት ሚኒስቴር ይግባኝ አይባልበትም፤ ሌሎች ኮሌጆች ግን የየራሳቸውን ይወስናሉ፣ ስለዚህ ለሁሉም ላኩ። ብዙ ኮሌጆች ተማሪው መምጣቱን እንዲያረጋግጥ የሚጠብቁት እስከ ሜይ 1 ነው። መልሱ ከዚያ በፊት ካልደረሰ ደውላችሁ ቀኑ እንዲራዘምላችሁ ጠይቁ፤ የፈቀደላችሁን ሰው ስም ጻፉ፣ በኢሜይልም እንዲያረጋግጥላችሁ ንገሩት።